በሥራ ላይ ያለ ትዕዛዝ ይታረም ወይስ ይቆለፍ?

ጀልባ_ቢሮ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር ነው ያለሁት። ጎብኚና ተሳላሚ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚያመላልስ የጀልባ ድርጅት ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ጥገናውን የምንከታተለው በሥራ ፍሰት ሶፍትዌር ነው። መካኒኩ የጥገና ትዕዛዝ ይከፍታል። የጥገና ኃላፊው ያየዋል። ሥራ አስኪያጁ ያጸድቃል። ግዥ ዕቃውን ያመጣል፣ ጋራዥ ይገጥማል፣ ይዘጋል። ሲያወሩት ያምራል።

ጣጣው መሃል ላይ ነው። ትዕዛዙ «በሥራ ላይ» የሚለው ደረጃ ውስጥ ከገባ በኋላ ማንም ምንም መንካት አይችልም። የሠሩልን ሰዎች እንደዚያ አድርገው ነው ያስረከቡን። ሰሞኑን የሆነውን ልንገራችሁ። አንዱ ሞተር እምቦጭ ጠምጥሞ መጣ። ትዕዛዙ «ፕሮፔለር መቀየር» ብቻ ይላል። ጸደቀ። መካኒኩ ሲፈታው እምቦጩ የማቀዝቀዣ ውኃ መግቢያውንም ደፍኖት ኖሯል። ፖምፓው ውስጥ ያለችው ጎማ ውኃ አጥታ ተቃጥላለች። ጎማዋን ልጨምር ቢል ሲስተሙ አሻፈረኝ አለ።

ያለን መንገድ ትዕዛዙን ሰርዞ ከሀ መጀመር ነው። ከሀ ሲጀመር ደግሞ አስቀድሞ የተገዛው ፕሮፔለር በየትኛው ትዕዛዝ እንደሚያዝ ግራ ይገባል። ታዲያ መካኒኮቹ ምን ማድረግ ጀመሩ መሰላችሁ? የተጨማሪውን ዕቃ ዝርዝር አስተያየት መስጫው ላይ ይጽፉና ግዥ ክፍል ይደውላሉ። ግዥም ያመጣላቸዋል። ሲስተሙ ላይ አንድ ዕቃ፣ ደረሰኙ ላይ ሦስት ዕቃ።

ሥራ አስኪያጃችን «ክፈቱት፣ የሚመለከተው ሁሉ ያርም» ይላል። ሒሳብ ክፍል «ንክች እንዳታደርጉት» ይላል። ጥምቀት እየደረሰ ነው፣ ጀልባ የሚቆምበት ጊዜ አይደለም። እናንተ ጋ እንዴት ነው የሚሠራው?

ሽምብጥ_ኮደር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:31

እኔ ከሒሳብ ክፍል ጋር ነኝ። የጸደቀ ጸደቀ ነው።

ጂራ የሚባለውን የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር ብትወስጂ ለምሳሌ፣ የሥራ ፍሰቱ ደረጃ ላይ «ኢሹ ኤዲተብል» (ሥራው ይታረማል ወይ) የምትል ባሕርይ አለች። «ፎልስ» (አይታረምም) ካልሻት እዚያ ደረጃ ላይ የደረሰ ሥራ የማረሚያ ቁልፉ ይጠፋል። ፈቃድ ያለውም የሌለውም እኩል ነው። ሰዎቹ ያደረጉላችሁ ይህንን ወይ መሰሉን ነው። የተበላሸ ነገር የለም። ተጨማሪ ዕቃ ሲመጣ አዲስ ትዕዛዝ ክፈቱና ከዋናው ጋር አያይዙት። አለቀ።

ካንዴላ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:50

አለቀ? ወንድምአለም፣ አንተ ሞተር ፈትተህ ታውቃለህ?

እኔ ጋራዥ ነኝ። ሞተር ሳይፈታ የሚጻፍ ትዕዛዝ ግምት ነው። ነጂው «ጉልበት አጣ፣ ይሞቃል» ብሎ ያመጣዋል። ከውጭ አይቼ ፕሮፔለር እላለሁ። ሽፋኑን ሳነሳ ካንዴላው ጠቁሯል፣ ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል፣ እምቦጩ ደግሞ ያልገባበት የለም። ይህን ማንም አልደበቀም፣ ማንም አልሰነፈም። ሥራው የሚገለጠው ሲፈታ ነው።

ሌላ ልጨምርልህ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ቆላ ላይ የሚሰጠውን ጉልበት እዚህ አይሰጥም። ዝቅ ላለ አገር የተመረጠ ፕሮፔለር ስትገጥምለት ያቃስታል እንጂ ዙሩን አያገኝም። ስለዚህ ፒቹ፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት፣ ያነሰ ትፈልጋለህ። አሁን ቢሮ ያለ ሰው ከሞተሩ መጽሐፍ ገልብጦ ፒቹን 13 ኢንች ብሎ ጻፈ እንበል። ጀልባውን ለማውቀው ለእኔ 11 ነው የሚሻለው። ለዚህች አንዲት ቁጥር ብዬ አዲስ ትዕዛዝ ልክፈት? ሦስት ሰው እንደገና ይፈርም? እስከዚያ ጀልባው ወደብ ላይ ቆሞ ይተኛል።

እታለም፣ ሥራ አስኪያጅሽ ልክ ነው። ክፈቱት።

ፀሐይ_ግባት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

እኛ ቢሮ ሁሉም ነገር ክፍት ነው። የተዘጋ ትዕዛዝ እንኳ ገብተው ይነካካሉ። አምና ጀነሬተር ተብሎ የጸደቀው ዘንድሮ ስናየው የመኪና ጎማ ሆኗል። ጀነሬተሩ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም 😂

ግምጃ_ቤት_ጡረተኛ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

ልጆች፣ ይህ ጥያቄ ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊትም ነበረ። ዕድሜዬን በሙሉ የመንግሥት ንብረት ክፍል ውስጥ ነው የሠራሁት። ሁለት ዓይነት ወረቀት ነበር። ለሁለቱም የእርማት ደንባቸው ይለያያል።

አንደኛው ዕቃ ገቢ የሚሆንበት ሞዴል 19 እና ወጪ የሚሆንበት ሞዴል 22 ነው። እዚያ ላይ ስርዝ ድልዝ የሚባል ነገር የለም። ብትሳሳት ቅጠሉን አትቀድደውም። «ተበላሽቷል» ብለህ ትጽፍበትና ከነቅጂዎቹ ጥራዙ ላይ ታስቀረዋለህ። ተከታታይ ቁጥሩ እንዳይዘል። ከዚያ በሚቀጥለው ቅጠል ላይ አዲስ ትሠራለህ። ዕቃው በእጅ የገባ ወይም የወጣ ነውና ቀልድ የለም።

ሁለተኛው መጠየቂያው ነው። መጠየቂያ ገና ሐሳብ ነው፣ ዕቃ አልተንቀሳቀሰም። እዚያ ላይ ይታረም ነበር። አስተራረሙ ግን ሥርዓት ነበረው። በአንድ መስመር ትሰርዛለህ፣ የድሮው ጽሑፍ መነበብ አለበት። አጠገቡ አዲሱን ትጽፋለህ። ከዚያ ፓራፍ፣ አጭር ፊርማ ማለት ነው። አሁን ልብ በሉ፣ ያረመው ሰው ፓራፍ ብቻውን ምንም አይፈይድም ነበር። መጀመሪያ የፈረመው ኃላፊም እዚያችው ላይ ፓራፍ ካላደረገ ወረቀቱን ተቀብዬ ዕቃ አላወጣም። ስንቱ ተቆጥቶኛል መሰላችሁ።

የእናንተ ሲስተም የመጠየቂያውን ወረቀት በሞዴል 19 ደንብ ነው የያዘው።

ሽምብጥ_ኮደር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:52

ጋሼ፣ ይህ ደስ ይላል። የአራሚው ፓራፍ ሶፍትዌሩ ላይ ራሱ ይመዘገባል። ማን፣ መቼ፣ ከምን ወደ ምን ለወጠ የሚለው ታሪኩ ውስጥ አለ። የፈራሚው ፓራፍ ግን በራሱ አይመጣም፣ ካልተሠራ የለም። እኔ የምፈራው ይህንን ነው። ማረሚያውን በከፈትን ቁጥር አጽዳቂው ያላየው ነገር በስሙ ይሄዳል።

አወያይ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:00

አንድ መልስ አንስቻለሁ፣ የሶፍትዌር ሠሪ ድርጅት ስም ጠርቶ ስለሚሳደብ። ነገሩ ላይ እንቆይ።

ኦዲተሯ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:20

ትናንት ሳነበው አመሸሁ። ሽምብጥም ካንዴላም ትዕዛዙን እንደ አንድ ድፍን ነገር ነው የያዛችሁት። እስቲ ውስጡ ያሉትን ሳጥኖች አንድ በአንድ እንያቸው።

ሥራ አስኪያጁ «አጽድቄያለሁ» ሲል ምን አይቶ ነው? የትኛው ጀልባ እንደሆነ፣ ምን ዕቃ፣ ስንት፣ በስንት ብር፣ ከማን። ፊርማው ያረፈው በእነዚህ ላይ ነው። የመካኒኩ ስም ቢቀየር ግድ የለውም። ሐሙስ ያልቃል የተባለው ዓርብ ቢያልቅ፣ የተቃጠለችው ጎማ ፎቶ ቢያያዝ፣ «የውኃ መግቢያው ተደፍኗል» ተብሎ ቢጻፍ ፊርማው አይነካም። እነዚህን መቆለፍ ሰውን ወደ ስልክ መግፋት ነው። ጀልባ ቢሮ ጋ የሆነውም እሱ ነው። የተቆለፈ ሳጥን ለውጥን አያስቀርም፣ ለውጡ ሌላ ቦታ ሄዶ ይጻፋል። እኔ ደግሞ የምመረምረው ሲስተሙን ነው እንጂ የሰዎችን የስልክ ጥሪ አይደለም።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። እንበል የጥገና ኃላፊው እስከ 50,000 ብር ብቻውን መፈረም ይችላል። መጠየቂያው 46,000 ይላል፣ ፈረመ። በማግስቱ አንዱ ገባና «ቫት ተረስቷል» ብሎ 15 በመቶውን ጨመረ። 6,900 ብር ነው። ድምሩ 52,900 ሆነ። ማንም አልሰረቀም። እርማቱም ትክክል ነው። ነገር ግን አሁን ያ ፊርማ ኃላፊው ሊያጸድቀው የማይችለውን ገንዘብ አጽድቋል። ይህን በየዓመቱ የማገኘው ነው። ሰዎቹ ሲጠየቁ ከልባቸው ይደነግጣሉ።

ካንዴላ፣ የአንተ 13 እና 11 ኢንችም እዚሁ ነው የሚገባው። ዋጋው አንድ ከሆነ የጥገና ኃላፊው ብቻ ይየው፣ ሥራ አስኪያጁን ምን አገባው። ዋጋው ከተለየ ግን ሁለቱም ይዩት።

ሽምብጥ፣ «አዲስ ትዕዛዝ ክፈቱ» ያልከው ለእኔ ከሁሉም የሚያስፈራው ነው። ለአንድ ሞተር ሦስት ትናንሽ ትዕዛዝ ሲከፈት እያንዳንዱ ከመፈረሚያው ጣሪያ በታች ይሆናል። እኛ ግዥ መከፋፈል ነው የምንለው። ሞተሩን ሲፈታ ያገኘውን በቅንነት የጻፈ መካኒክና ጣሪያውን ለማምለጥ ብሎ የቆራረጠ ሰው ሲስተሙ ላይ አንድ ዓይነት መልክ ነው ያላቸው። ለምን ንጹሑን ሰው ታስጠረጥሩታላችሁ?

እኔ የምለው ይህ ነው። ፈራሚው ያየው ሳጥን ከተነካ ፊርማው ይውደቅ። ያላየው ከተነካ ይመዝገብና ሥራው ይቀጥል።

ካንዴላ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:45

ፊርማው ሲወድቅ ሥራውም ይቆማል ማለት ነው? እንደዚያ ከሆነ ያው ነው። ለአንድ ጎማ ብዬ የጸደቀውን ፕሮፔለር ልጠብቅ?

አባይ_ማዶ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 8:15

ካንዴላ ያነሳው ነው ቁልፉ። እኔ የሥራ ፍሰት ሲስተም እየሠራሁ ነው የምኖረው፣ አሠራሩን ልንገራችሁ።

ደረጃው ለትዕዛዙ ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የዕቃ መስመር ይኑረው። ፕሮፔለሩ ጸድቋል፣ ተገዝቷል፣ ይገጠም። ጎማዋ ስትጨመር እሷ መስመር ብቻ «ይጸድቅ» ላይ ትቆማለች። ጋራዡ በጸደቀው ይሠራል። ትዕዛዙ ግን ሁሉም መስመር እልባት እስኪያገኝ አይዘጋም። ድምሩ ለጣሪያው ሲታይ የሁሉም መስመር ድምር ነው የሚታየው። ስለዚህ ኦዲተሯ የፈራችው መከፋፈል አይኖርም፣ አንድ ሞተር አንድ ትዕዛዝ ነው።

የጸደቀው ቅጂ ለብቻው ይቀመጥ። አንድ ሰው አርሞ ሲያስቀምጥ ሲስተሙ አዲሱን ከጸደቀው ቅጂ ጋር ያስተያያል። ብዛት፣ ዋጋ፣ አቅራቢ ወይም የዕቃው ዓይነት ከተለየ ወደ አጽዳቂው ይመልሰዋል። አጽዳቂው ሙሉውን እንደ አዲስ እንዲያነብ አትፍረዱበት። የተለወጠችውን ብቻ ጎን ለጎን አሳዩት፣ የድሮው ይህ፣ አዲሱ ይህ። ጋሼ ያሉት በአንድ መስመር የተሰረዘውና የሚነበበው ማለት ነው። ስልኩ ላይ አይቶ በአፍታ ይጨርሳል።

የተገዛ መስመር ግን አይታረም። ገንዘብ ወጥቷል፣ ዕቃ ገብቷል። የተሳሳተ ዕቃ ከተገዛ በመመለሻ ይመለስ፣ አዲስ መስመር ይጨመር። እዚያ ላይ የጋሼ የሞዴል 19 ደንብ ይሠራል።

ጂራ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሽምብጥ የጠቀሳትን ባሕርይ ማንሳት አያስፈልግም። «ዕቃ ጨምር» የሚል መሸጋገሪያ (ትዕዛዙን ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያሳልፍ ቁልፍ) ሥሩና ቅጽ ስቀሉበት። ማረሚያው ቢቆለፍም በመሸጋገሪያው ቅጽ ላይ ያሉት ፊልዶች ይሞላሉ። መካኒኩ ቁልፏን ይጫናል፣ ዕቃውንና ምክንያቱን ይሞላል፣ በዚያው ወደ አጽዳቂው ይሄዳል። ሰው እንደልቡ ገብቶ አይነካካም፣ ግን በር አለው።

ሽምብጥ_ኮደር
ረቡዕ፣ ከሰዓት 8:40

በመሸጋገሪያ ከሆነ እስማማለሁ። ምክንያት የሚለው ሳጥን ግዴታ ይሁን። ከዝርዝር የሚመረጥ እንጂ በነጻ የሚጻፍ እንዳይሆን፣ አለበለዚያ ሁሉም ነጥብ ብቻ ጽፎ ያልፋል። አይቻለሁ፣ ሙሉ ዓመት ነጥብ ብቻ።

ግምጃ_ቤት_ጡረተኛ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 9:02

ምክንያት ላይ ነጥብ ማስቀመጥ! እኛ ጊዜ ቢያንስ «ለሥራ ጉዳይ» ይሉ ነበር።

ጀልባ_ቢሮ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለሥራ አስኪያጁ አነበብኩለት፣ የቫቷ ምሳሌ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። የመስመር በመስመሩን ነገር ሒሳብ ክፍልም ወዶታል።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ጋራዡ ሐይቁ ዳር ነው፣ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። መብራትም እንደምታውቁት ነው። መካኒኩ ታብሌት ላይ ያረመው ሳይላክ ይቆያል። እስከዚያ ቢሮ ያለ ሰው ያንኑ ትዕዛዝ ያርማል። ኔትወርክ ሲመለስ የመካኒኩ ከላዩ ላይ ይጻፍበትና የቢሮው ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ሥራ አስኪያጁ «ትንንሽ ልዩነት እስከ 5 በመቶ ድረስ ወደ እኔ አትመልሱት» ብሏል። ይህስ ያስኬዳል?

አባይ_ማዶ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:05

የመጀመሪያው የታወቀ ነው፣ መጨረሻ የጻፈ ያሸንፋል የሚሉት።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ የእትም ቁጥር መስጠት ነው። መካኒኩ ሲከፍት 7 ነበር። ቢሮ አርሞ 8 አደረገው። የመካኒኩ ታብሌት ሲመለስ «7ን ነው ያረምኩት» ይላል። ሲስተሙ አሁን ያለው 8 መሆኑን አይቶ አይቀበለውም። በድር አገልግሎት ከሆነ የሚመልሰው 412 የሚባለውን የስህተት ቁጥር ነው፣ ቅድመ ሁኔታው አልተሟላም ማለት ነው። ከዚያ መካኒኩ ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ ይወስናል። ማስታወሻና ፎቶ ከሆነ ግጭት የለም፣ ሁለቱም ይጨመሩ። ብዛትና ዋጋ ላይ ብቻ ነው ሰው መጠየቅ ያለበት።

አንዳንዱ «አንዱ ሲከፍተው ለሌላው ይቆለፍ» የሚል ሲስተም ያመጣላችኋል። እዚህ አገር እንዳትሞክሩት። መካኒኩ ይከፍተዋል፣ መብራት ይሄዳል፣ ታብሌቱ ይዘጋል። ቁልፉ ግን እዚያው ሰርቨሩ ላይ ይቀራል። ቢሮ የመካኒኩን ስም እያየ ይጠብቃል። መካኒኩ ደግሞ ምሳ ሄዷል።

ኦዲተሯ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:30

5 በመቶው ይሁን፣ ክፋት የለውም። ለሳንቲም ልዩነት ሥራ አስኪያጅ መጥራት ሰውን ያሰለቻል፣ የሰለቸ አጽዳቂ ደግሞ ሳያነብ ነው የሚጫነው።

ግን ከየት ነው የሚቆጠረው? ይህን ሳትጽፉ እንዳትጀምሩ። 40,000 ብር የጸደቀ ትዕዛዝ በ5 በመቶ 42,000 ይሆናል። መነሻው በየጊዜው የሚለወጥ ከሆነ በሚቀጥለው እርማት 44,100 ይደርሳል። ከዚያ 46,305። አንዱም እርማት ከ5 በመቶ አላለፈም፣ አንዱም ወደ አጽዳቂ አልሄደም። መነሻው መጀመሪያ የጸደቀው ከሆነ ግን 42,000 ላይ ያበቃል። ካለፈ ይመለሳል። ደግሞ 5 በመቶው የፈራሚውን ጣሪያ የሚያልፍ ከሆነ አይሠራም። 49,000 ያጸደቀ የ50,000 ጣሪያ ያለው ሰው ቀሪው 1,000 ብር ብቻ ነው።

የዕቃ ዓይነትና አቅራቢ ላይ በመቶኛ የለም። አቅራቢ ተቀየረ ማለት በፕሮፎርማ ያሸነፈው ሰው ቀርቶ ሌላ ገባ ማለት ነው። ዋጋው ቢቀንስም ይታይ።

ፀሐይ_ግባት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:41

ዋጋው ቢቀንስም? ቅናሽ የሚያጠራጥረው አገር 😂

ኦዲተሯ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:48

አንተ የጀነሬተሩን ነገር አጣራና ተመለስ።

ሽምብጥ_ኮደር
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:10

አንድ ማንም ያላነሳው አለ። ጀልባ ቢሮ ይህን ሁሉ ሲቀይሩ አሁን መሃል ላይ ያሉት ትዕዛዞች ምን ይሆናሉ? እስካሁን የተወራው ሥራውን ስለማረም ነው። አሁን ደግሞ የሥራውን መንገድ ራሱን ልታርሙ ነው፣ ሥራ እየሄደበት።

አባይ_ማዶ
ሐሙስ፣ ከሰዓት 7:30

ጥሩ አነሳህ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ብዙዎቹ ሲስተሞች በነባሪነት የሚያደርጉት አንድ ነው። ካሙንዳ የሚባለውን የሥራ ፍሰት ሶፍትዌር ብትወስዱ አዲስ እትም ስትጭኑ መሃል ላይ ያሉት ሥራዎች በጀመሩበት በድሮው እትም ይጨርሳሉ። ከዚያ በኋላ የሚከፈቱት በአዲሱ ይሄዳሉ። የድሮዎቹን ወደ አዲሱ ማሻገር ከፈለጋችሁ የማሻገሪያ ዕቅድ ትጽፋላችሁ፣ የድሮው ይህ ደረጃ ከአዲሱ ከዚህ ደረጃ ጋር ይገጥማል እያላችሁ። የማይክሮሶፍቱ ፓወር ኦቶሜት ላይ ደግሞ አንድ የተጀመረ ፍሰት ከ30 ቀን በላይ አይቆይም። አጽዳቂው አገር ጥሎ ከሄደ ጊዜው ያልፍና ይሞታል። ይህን ሳያውቁ የወር ከአሥራ አምስት ቀን ግዥ የሚያስሄዱበት ሰዎች ገጥመውኛል።

ማሻገሩ የሚከብደው ለምን መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1995 ኤሊስ፣ ከዳራና ሮዘንበርግ የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጉዳይ ጽፈውበታል። ጎን ለጎን ይሄዱ የነበሩ ሁለት ሥራዎችን ተከታታይ አድርገህ ቀይር እንበል። በአሮጌው መንገድ ግዥው ዕቃውን እያመጣ ጋራዡ ሞተሩን ይፈታ ነበር። በአዲሱ መንገድ መጀመሪያ ይፈታል፣ ከዚያ ይገዛል። አሁን ዕቃው የተገዛለት፣ ሞተሩ ግን ያልተፈታ ትዕዛዝ አለህ። በአዲሱ መንገድ ላይ ይህ ትዕዛዝ የሚቆምበት ቦታ የለም። «ይፈታ» ላይ ብታስቀምጠው ሲጨርስ ግዥ ይመጣና ሁለተኛ ፕሮፔለር ይገዛል። «ይገዛ» ከሚለው ቀጥሎ ብታስቀምጠው ሳይፈታ ሊገጠም ነው።

ስለዚህ ቀይሩ፣ ግን አታሻግሩ። ጥምቀት ሳይደርስ አዲሱን ክፈቱ። የድሮዎቹ በድሮው መንገዳቸው ይጨርሱ። ጥገና ነው፣ ዓመት አይፈጅም።

ካንዴላ
ሐሙስ፣ ከሰዓት 7:55

የድሮው መንገድ እኮ የተቆለፈው ነው። የድሮዎቹ ትዕዛዞች ላይ ጎማ ቢጨመርስ? ተመልሶ ስልክ ሊሆን ነው።

አባይ_ማዶ
ሐሙስ፣ ከሰዓት 8:10

ሁለት ቦታ ክፈሏቸው። ምንም ዕቃ ያልተገዛላቸው ትዕዛዞች ይሰረዙና በአዲሱ መንገድ እንደገና ይከፈቱ። የድሮው ቁጥር አዲሱ ላይ ይጻፍ። የተገዛላቸው ግን በድሮው ይጨርሱ። በመሃል ዕቃ ከተጨመረባቸው አንድ የተያያዘ ትዕዛዝ በአዲሱ መንገድ ይከፈት። ኦዲተሯ እንዳትቆጣ የሁለቱ ድምር ነው ለጣሪያው የሚታየው። ይህንን ሲስተሙ አይሠራላችሁም፣ ሰው ነው የሚደምረው። ለጥቂት ጊዜ ነው።

ኦዲተሯ
ሐሙስ፣ ከሰዓት 8:22

አልቆጣም። ዝርዝሩን ግን ከመቀየራችሁ በፊት አትሙና ሥራ አስኪያጁ ይፈርምበት። የትኞቹ ተሰረዙ፣ የትኞቹ ቀሩ። በኋላ «ያ ትዕዛዝ ለምን ተሰረዘ» ተብሎ ሲጠየቅ የሚያስታውስ አይኖርም።

ጀልባ_ቢሮ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 12:40

እንደዚያው እናደርጋለን። ሠሪዎቹን አናግረናቸዋል፣ መስመር በመስመር ደረጃ መስጠቱን ሶፍትዌራቸው ይችላል ብለዋል። አጥፍተውት ነው እንጂ ነበረ አሉ! «ዕቃ ጨምር» የምትለዋ ቁልፍ ትሠራለች። ምክንያቱ ከዝርዝር ይመረጣል፦ ሲፈታ የተገኘ፣ የዕቃ ልክ ለውጥ፣ ዋጋ የተቀየረ፣ ቫት። «ሌላ» የሚለውን ሒሳብ ክፍል አስወጥቶታል፣ ካንዴላ እንዳትናደድ። 5 በመቶው መጀመሪያ ከጸደቀው ነው የሚቆጠረው። የእትም ቁጥሩን ደግሞ ይጨምሩልናል፣ ግን ከጥምቀት በኋላ ነው ብለዋል። እስከዚያ ዋጋና ብዛት ከቢሮ ብቻ ይታረማል፣ መካኒኮቹ በታብሌት ማስታወሻና ፎቶ ብቻ።

የመጨረሻ ጥያቄ። ሥራ አስኪያጁ ጎርጎራ ሲሄድ ስልኩ አይሠራም። የተጨመረች መስመር እዚያ ላይ ተንጠልጥላ ብትቀርስ?

ካንዴላ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 12:58

«ሌላ» ከሌለ ድንጋይ ሰብሮት የመጣውን ምን ልበለው?

ሽምብጥ_ኮደር
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:05

«ሲፈታ የተገኘ» በለው 😀

ለጎርጎራው፣ ከመሄዱ በፊት ሲስተሙ ላይ ውክልና ይስጥ። ለማን፣ ከመቼ እስከ መቼ። የይለፍ ቃሉን ለጸሐፊዋ ትቶ እንዳይሄድ ብቻ።

ኦዲተሯ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:12

ለጥገና ኃላፊው ደግሞ አይወክል። ያው ሰው አይቶ ያው ሰው ያጸድቃል። ለሒሳብ ኃላፊው ይስጥ።